አፕል ብርድ ይቆጥራል

አራት ኪሎ ያሉ ፍራፍሬ ቤቶች ማንጎ የሚያጡበት ወር አለ። ዘይቱን የሚረክስበት ወርም አለ። አፕል ግን በመስከረም ሂዱ፣ በሚያዝያ ሂዱ፣ ያው ተወልውሎ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ዋጋው ይወጣል እንጂ እሱ አይጠፋም።

ምክንያቱ ማከማቻው ነው። እዚህ ከተማ የሚሸጠው አፕል አብዛኛው ከውጭ ይገባል። ከተለቀመ በኋላ ቅዝቃዜው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ በሆነ፣ ኦክስጅኑም በተቀነሰ ክፍል ውስጥ ለወራት ይቀመጣል። አንዳንዱ ዝርያ እንዲህ ተይዞ ዓመት ሊደፍን ይችላል። ላዩ ላይ የምትለጠፈውን ቁጥር አይታችኋት ይሆናል። 4017 ትልቁ አረንጓዴ ግራኒ ስሚዝ ነው። 4131 ፉጂ ነው። 4016 ደግሞ ቀዩ ሬድ ዴሊሺየስ። ቁጥሯ ዝርያውን ትናገራለች። መቼ እንዳበበና መቼ እንደተለቀመ ግን አትናገርም።

ስለዚህ ለከተሜ አፕል ወቅት የሌለው ፍሬ ይመስላል። ዛፉን ብታዩት ግን እንደሱ በወቅት የታሰረ ጥቂት ነው። ዓለም እየሞቀ ነው ሲባል "እና ምን ከፋው? ቶሎ ያብባላ!" የሚል ሰው አይጠፋም። ሰውየው ግማሽ ልክ ነው። አፕል በእርግጥም በብዙ አገር ቀድሞ እያበበ ነው። ችግሩ ያለው በቀረው ግማሽ ላይ ነው። አፕል የሚፈልገው ሙቀት ብቻ አይደለም። ብርድም ይፈልጋል። ያውም በዘፈቀደ ሳይሆን በሰዓት ተቆጥሮ።

አውሮፓ ያለ አንድ የአፕል ዛፍ እንውሰድ። የዘንድሮው ፍሬ ገና እየፋፋ ሳለ፣ ዛፉ የከርሞውን አበባ በእምቡጥ ውስጥ ጠቅልሎ ማዘጋጀት ይጀምራል። ብርዱ ሲመጣ ቅጠሉን ያረግፍና ይተኛል። ብዙ የቀዝቃዛ አገር ዛፎች የመኝታ ሰዓታቸው መድረሱን የሚያውቁት ቀኑ ሲያጥር ነው። አፕል ግን እንደዚያ አይደለም። እሱን የሚያስተኛው ቅዝቃዜው ራሱ ነው። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች፤ ጣጣዋ ግን ብዙ ነው። የአየር ንብረት ቢለወጥም የቀን ርዝመት ያው ነው። የሚለወጠው ሙቀቱ ነው። አፕል ደግሞ ሲተኛም ሲነቃም የሚያዳምጠው ሙቀትን ነው።

እንቅልፉ የምር እንቅልፍ ነው። ገና በጅምሩ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ሞቃት ክፍል ውስጥ ውሃ ላይ ብታቆሙት አይነቃላችሁም። እምቡጡ ከውስጥ ተዘግቷል። አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን በዝቶ እድገቱን ይዞታል። በሴሎቹ መካከል ያሉት ቀጫጭን መተላለፊያዎችም ካሎስ በሚባል ነገር ይወተፋሉ። ይህን የሚከፍተው ለሳምንታት የዘለቀ ብርድ ነው። ለዛፉ ይህ ጥበቃ ነው። በብርዱ ወራት መሀል ሁለት ሦስት ሞቃት ቀን ብቅ ቢል ተታሎ እንዳያብብ ያደርገዋል።

ሰዎች ይህን ብርድ መቁጠር ከጀመሩ ቆይተዋል። የድሮው ስሌት ቀላል ነው። ከ0 እስከ 7.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ያለፈ እያንዳንዱ ሰዓት አንድ ተብሎ ይቆጠራል። 7.2 ከየት የመጣ ቁጥር ነው ካላችሁ፣ 45 ፋራናይት ነው። ስሌቱ የአሜሪካኖች ነውና። በዓለም ገበያ ከታወቁት ዝርያዎች ብዙዎቹ 800፣ 1,000፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ሰዓት ይፈልጋሉ።

ነገር ግን ዛፉ እንዲህ በቀላሉ የሚቆጥር ሆኖ አልተገኘም። በፈረንጆቹ 1974 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው) በአሜሪካዋ ዩታ ግዛት የወጣ ሌላ ስሌት ሙቀትንም አስገባበት። ከ2.5 እስከ 9.1 ዲግሪ ያለ ሰዓት ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ወደ 16 ዲግሪ ሲጠጋ ነጥብ መቀነስ ይጀምራል። እንደ ቁጠባ ደብተር አስቡት፤ ሌሊት የገባው ቀን ይወጣል። ኋላ ደግሞ እስራኤሎች በ1980ዎቹ የተሻለ ነገር ይዘው መጡ። በእነሱ ስሌት ብርዱ በሁለት ደረጃ ይጠራቀማል። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለው በሙቀት ሊፈርስ ይችላል። ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ከተሻገረ ግን የቀን ፀሐይ አይነካውም። እስራኤል ሞቃት አገር ስለሆነች ጉዳዩ የኑሮ ጉዳይ ነበር። ለእኛም የሚቀርበን ይሄኛው ነው።

ብርዱ ሲሞላ ሁለተኛ ቆጠራ ይጀምራል። አሁን የሚጠራቀመው ሙቀት ነው። እምቡጡ ያብጣል፣ አረንጓዴ ጫፍ ያወጣል፣ ሮዝ ይሆናል፣ ከዚያ ይፈነዳል።

እዚህ ላይ ነው የአየር ንብረት ለውጥ ነገሩን የሚያወሳስበው። የብርዱ ወራት ሲሞቁ የመጀመሪያው ቆጠራ ይንቀራፈፋል። ዛፉ ዘግይቶ ይነቃል። ቀጥሎ ያለው ወቅት ሲሞቅ ደግሞ ሁለተኛው ቆጠራ ይፈጥናል። ዛፉ ቀድሞ ያብባል። አንዱ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ አንዱ ወደ ፊት ይገፋል። ማን ያሸንፋል? እንደ አገሩ ነው። ብርድ በተረፈበት አገር የሙቀቱ ግፊት ያሸንፋል። ብርዱ ድሮም ለጥቂት በሚበቃበት አገር ግን መጎተቱ ይበረታል። ሁለት ገበሬዎች ስለዚህ ጉዳይ ቢያወሩ አንዱ "ዛፌ ቸኮለ" ሌላው "ዛፌ አልነቃ አለ" ሊሉ ይችላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ነገሩን የሰሙ ሰዎች "እነዚህ ሳይንቲስቶች አይስማሙም" የሚሉት አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ደቡብ አፍሪካን ተመልከቱ። በደቡብ ምዕራብ ኬፕ ከ1973 እስከ 2009 የተመዘገበው የአፕልና የፒር የአበባ ጊዜ በየ10 ዓመቱ በአማካይ 1.6 ቀን ገደማ ወደፊት መጥቷል። ትንሽ ናት ትላላችሁ። ደምሯት፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ስድስት ቀን ገደማ ትሆናለች። ለአንድ አበባ ስድስት ቀን ማለት በውርጭ መመታትና አለመመታት ሊሆን ይችላል።

የውርጩ ነገር ትንሽ ሰፋ ቢደረግ ይሻላል። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነውና። እምቡጥ ተኝቶ ሳለ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ እንኳ ይችላል። አረንጓዴ ጫፉን ሲያወጣ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ አካባቢ መጎዳት ይጀምራል። በሙሉ ሲፈነዳ ግን አቅሙ ያልቃል። ሙቀቱ ከዜሮ በታች ከ2 ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ብሎ ለግማሽ ሰዓት ቢቆይ ከአሥር አበባ አንዱ ይሞታል። ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ከሆነ ከአሥሩ ዘጠኙ። ክፋቱ፣ የሞተው አበባ ከሩቅ ሲታይ ጤነኛ ሊመስል መቻሉ ነው። ነጩ ቅጠሉ እንዳማረ ነው። በጥፍራችሁ ከፈት ብታደርጉት ግን መሀሉ ጠቁሯል። ከዚያ ፍሬ አይጠበቅም።

በ2012 የአሜሪካዋ ሚሺጋን ይህን በሰፊው አይታዋለች። መጋቢት ላይ ሙቀቱ ከ26 ዲግሪ በላይ ሆኖ ለቀናት ቆየ። ዛፎቹ ነቁ። ሚያዝያ ሲገባ ውርጩ እንደ ልማዱ መጣ፤ ደጋግሞም መጣ። የግዛቷ የአፕል ምርት 90 በመቶ ገደማ ጠፋ። ሚያዝያ ላይ ውርጭ መውረዱ ለሚሺጋን አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው አበባው ከጊዜው ቀድሞ ውርጩ መንገድ ላይ መቆሙ ነው። በ2017 ደግሞ ተራው የአውሮፓ ሆነ። የሚያዝያ ውርጭ ከወረደ በኋላ የዚያ ዓመት የአውሮፓ ህብረት የአፕል ምርት በአሥር ዓመት ውስጥ ዝቅተኛው ነበር።

አምራቾቹ ዝም ብለው አያዩም። ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ አበባው ላይ ውሃ ይረጫሉ። እብደት ይመስላል። ግን ውሃ በረዶ ሲሆን ሙቀት ይለቃል። መርጨቱ እስካልተቋረጠ ድረስ በበረዶ የተሸፈነው አበባ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። ዜሮን ደግሞ ይችለዋል። ፓምፑ መሀል ላይ ከቆመ ግን ጉድ ነው።

ከውርጭ የተረፈው ፍሬም አንዳንዴ ምልክት ይዞ ይመጣል። አንዳንድ አፕል ወገቡ ላይ ዝገት የመሰለ ሻካራ ቀለበት አለው። ፍሬው ገና እንጭጭ ሳለ ውርጭ ሲያገኘው እንዲህ ያለ ጠባሳ ሊቀር ይችላል። ለመብላት ምንም አይልም። ነጋዴ ግን አይወደውም።

የንብም ጉዳይ አለ። አብዛኛው የአፕል ዝርያ በራሱ የአበባ ብናኝ ተዳቅሎ ፍሬ አይሰጥም። በአቅራቢያው ሌላ ዝርያ በአንድ ሰሞን ማበብ አለበት፤ ብናኙን የሚያመላልስ ንብም ያስፈልጋል። ሁለቱ ዝርያዎች የብርድ ፍላጎታቸው የተለያየ ከሆነ ሙቀቱ ሲለወጥ እኩል አይንቀሳቀሱም። አንዱ ሲያብብ ሌላው ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ንቧም የራሷ ቀጠሮ አላት። የብናኙ ሥራ እንዴት እንደሄደ በቤታችሁ ማየት ትችላላችሁ። አፕሉን እንደ ወትሮው ከላይ ወደ ታች ሳይሆን በወገቡ በኩል አግድም ቁረጡት። አምስት ክፍል ያለው ኮከብ ታያላችሁ። በየክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሁለት የዘር ቦታ አለ። በደንብ የተዳቀለ አፕል ወደ አሥር ዘር ይይዛል። ሁለት ሦስት ብቻ ከሆነ፣ አፕሉም በአንድ ጎኑ የጎበጠ ከሆነ፣ በአበባው ጊዜ የጎደለ ነገር ነበር ማለት ነው።

ጣዕሙም ሳይነካ አልቀረም። ጃፓኖች የፉጂን ነገር ለአሥርት ዓመታት መዝግበው፣ አሁን ያለው ከቀድሞው ይልቅ ለስለስ ያለና ኮምጣጣነቱ የቀነሰ መሆኑን አሳይተዋል። ቀድሞ ማበቡና በሚበስልበት ጊዜ ሙቀት መጨመሩ ነው ምክንያቱ። ጣፋጭ ለሚወድ ሰው ደግ ዜና ነው። ቀርጨጭ የሚል አፕል ለምንወድ ግን አይደለም።

ወደ አገራችን እንምጣ። እኛ ጋ ብርድ ወራት ሙሉ አይቀመጥም። ማታ መጥቶ ጠዋት ይሄዳል። ህዳርና ታህሳስ ላይ ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቃል። አዲስ አበባ በዚያ ሰሞን ሌሊቱ 8 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል፤ ቀኑ ግን 22ና 23 ይደርሳል። ይህን በዩታው ስሌት ብታሰሉት ሌሊት የተገኘው ነጥብ በቀኑ ፀሐይ ተበልቶ ያድራል። ዛፉ ባለዕዳ ሆኖ ይወጣል። በእስራኤሉ ስሌት ግን ጥቂት ጥቂት ነገር ይጠራቀማል። ደጋችን ላይ አፕል የሚያፈራበት ምክንያት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

መሀል ከተማ ደግሞ ይብሳል። አስፋልቱና ኮንክሪቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሰዋል። ወደ ስድስት ኪሎ መውጫ ከማውቃቸው አሮጌ ግቢዎች በአንዱ የአፕል ዛፍ አለች። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ዛፏን እንደ ልጅ ነው የሚንከባከቧት። በአንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አበባ ፈንድቷል። ከእሱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ሎሚ የሚያህል ፍሬ ተንጠልጥሏል። መሀሉ ግን ራቁቱን ነው። ቅጠልም እምቡጥም የለው፤ እንጨት ብቻ። "ጋሼ፣ ይቺ ዛፍ መቼ ነው የምታብበው?" ብላቸው "ደስ ሲላት ነዋ!" አሉኝ። ሳይንሱ ከዚህ የተሻለ የለውም። ብርድ ያልጠገበ አፕል እንዲህ ነው የሚሆነው። ጫፍ ላይ ያሉት እምቡጦች ቀድመው ይነቃሉ፣ የጎኖቹ ተኝተው ይቀራሉ። አበባው በአንዴ አይፈነዳም፣ ወራት ላይ ይበታተናል።

ስለ ኢትዮጵያ አፕል ሲነሳ ጨንቻ ሳይጠራ አይታለፍም። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ የጋሞ ደጋ ነው። አፕልን ወደዚያ ያመጡት ሚሲዮናውያን ናቸው። ዛሬ ገበሬው ከፍሬው ብቻ ሳይሆን ከችግኙም ይሸጣል። ወደ ሌሎች ደጋዎች የሄደው ችግኝ ብዙው መነሻው እዚያ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የሌሊቱ ብርድ ይበረታል፤ ቀኑም እንደ ሸለቆው አይግልም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌሊቱ ነው። የአገራችን የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ባወጣው መረጃ መሠረት ከ1951 እስከ 2006 የኢትዮጵያ ዝቅተኛ ሙቀት በየ10 ዓመቱ በአማካይ 0.37 ዲግሪ ጨምሯል። ዝቅተኛ ሙቀት ማለት በአብዛኛው የሌሊቱና የንጋቱ ነው። የእኛ አፕል ብርዱን የሚያገኘው ደግሞ በዚያው ሰዓት ብቻ ነው። አውሮፓ ያለ ዛፍ ሌሊቱ ቢሞቅበት ቀኑም ብርድ ስለሆነ ይካካስለታል። የእኛው የሚካካስበት የለውም።

"እንግዲያው ወደ ላይ ከፍ ብሎ መትከል ነዋ" ይባላል። ህንዶች ሂማቻል ፕራዴሽ ውስጥ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ድሮ አፕል ይበቅልባቸው የነበሩ ዝቅ ያሉ ሸለቆዎች ወደ ሌላ ፍሬና አትክልት ዞረዋል። አፕሉ ቀድሞ ለእሱ በጣም ቀዝቃዛ ወደነበሩት እንደ ላሁልና ስፒቲ ያሉ ቦታዎች ወጥቷል። እኛ ጋ ግን ከደጋው በላይ ያለው መሬት ባዶ አይደለም። ገብስ አለበት፣ ድንች አለበት፣ ግጦሽ አለ። ባለቤትም አለው። ተራራ ደግሞ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ይጠባል።

ሌላው መንገድ ዛፉን ማታለል ነው። ፍሬው እንደተለቀመ፣ እምቡጡ ወደ ከባዱ እንቅልፍ ሳይገባ፣ ቅጠሉን በእጅ ማራገፍ። በዚያ ሰዓት እምቡጡን አፍኖ የያዘው ቅጠሉ ነው። እሱ ሲነሳ እምቡጡ ብርድ ሳይጠብቅ ይፈነዳል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባቱ በሚባል ደጋ ገበሬዎች በዚህ ዘዴ በዓመት ሁለቴ ይለቅማሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የአበባውን ጊዜ የሚመርጠው ገበሬው ይሆናል። ግን ዝናቡንም አብሮ ማሰብ አለበት። አበባው ዶፍ ውስጥ ከፈነዳ ንብ አትወጣም፣ ብናኙ ይታጠባል፣ የቅጠል በሽታም ይነሳል። የበልጉና የክረምቱ መግቢያ እንደ ድሮው ሳይሆን ሲቀር ይህን ቀን መምረጥም ይከብዳል። እንቅልፍ የሚሰብር ኬሚካልም አለ፤ ሃይድሮጅን ሲያናማይድ ይባላል። ደቡብ አፍሪካን በመሰሉ አገሮች ይረጫል። መርዛማ ስለሆነ የአውሮፓ ህብረት አይፈቅደውም። የረጨ ሰው አልኮል ከቀመሰ ደግሞ ክፉኛ ያመዋል።

በእኔ እይታ ትልቁ ነገር ዝርያ ነው። አና የምትባለው ከእስራኤል የወጣች ዝርያ 300 ሰዓት ያህል ብርድ ወይም ከዚያም ያነሰ ይበቃታል። ዶርሴት ጎልደን ባሃማስ ደሴቶች ላይ የተገኘች ናት፤ እሷም ብዙ ብርድ አትጠይቅም። ባሃማስ ውስጥ አፕል ይበቅላል ብሎ ማን ይገምታል? አዲስ ዝርያ አዳቅሎ ለገበሬ ማድረስ ግን ሃያ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። አንዴ የተተከለ ዛፍም አሥርት ዓመታት ይቆማል። ዛሬ የሚተከለው ችግኝ ስለ 2050 አየር ጠባይ ነው መጠየቅ ያለበት።

ግቢያችሁ ውስጥ ለመትከል ካሰባችሁ ችግኝ ሻጩን ስለ ፍሬው ቀለም ከመጠየቃችሁ በፊት ስሙን ጠይቁት። "ቀይ አፕል ነው" መልስ አይደለም። አና ከሆነች ዶርሴት ጎልደንን አጠገቧ ትከሉ፤ አንድ ሰሞን ስለሚያብቡ ይዳቀላሉ። ቤት ጥግ ያለውን ሞቅ ያለ ግድግዳ አትምረጡላቸው፤ ሌሊት ብርዱ የሚያገኛቸው፣ ቀን ፀሐይ የማይነፈጋቸው ክፍት ቦታ ይሻላል። ፍሬውን ከለቀማችሁ በኋላ ቅጠሉን በእጃችሁ አራግፉ፤ ስታራግፉ በቅጠሉ ሥር ያለችው እምቡጥ አብራ እንዳትነሳ ጠንቀቅ በሉ። ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የሚያድገውን ቅርንጫፍ በገመድ ወደ ጎን ጎትታችሁ እሰሩት። የተጋደመ ቅርንጫፍ ላይ የጎን እምቡጦች በቀላሉ ይነቃሉ። ያ ራቁቱን የሚቀረው መሀሉም ቅጠል የማውጣት ዕድል ያገኛል።